አንድ ለማስቀረት ሺህ መጣል

አምና ክረምት ሲገባ እናቴ ግቢ ውስጥ ጉድ ሠራሁ። ቤታችን ደሴ ነው፣ ሙጋድ አካባቢ። ግቢዋ ጠባብ ብትሆንም ከአጥሩ እስከ በረንዳው አበባ ነች። ከሁሉ የምትወደው ዳልያዋን ነው፤ ያንን ወይን ጠጅ፣ ሲያብብ የሻይ ሰሃን የሚያህለውን። ዳልያ የሚተከለው በሥሩ ነው። ስኳር ድንች የመሰለውን ሥር ቆፍራ ታወጣለች፣ ትከፍለዋለች፣ ግማሹን መልሳ ትቀብራለች፣ ግማሹን ለጎረቤት ትሰጣለች። እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ ብዬ ከደረቀው አበባ ላይ ዘሩን ለቅሜ አስቀመጥኩና ግንቦት ላይ ዘራሁት። አሥራ አንድ በቀለልኝ። መስከረም ላይ ሲያብብ አንዱም እናቱን አልመሰለም። አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ነጠላ፣ አንዱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የታጠበ ጨርቅ የመሰለ፣ ሮዝ ይሁን ግራጫ ያልለየለት።

«ይሄን ደግሞ ከየት አመጣኸው?» አለችኝ። ከራስሽ አበባ ነው ብላት ወይ ፍንክች።

በዚያው ሰሞን አክስቴ ከኮምቦልቻ ደወለች። እሷ ከከተማው ወጣ ብሎ ትንሽ መሬት አላት። ካቻምና ምርጥ ዘር በቆሎ ገዝታ ዘርታ ነበር። ቁመቱ እኩል፣ ራሱ እኩል፣ መንገደኛ ቆሞ የሚያየው ማሳ ሆነላት። ከዚያው ላይ ጥሩ ጥሩውን መርጣ ለዘር አስቀመጠች። አምና ስትዘራው አንዱ ረጅም፣ አንዱ ድንክ፣ ራሱም ግማሹ ፍሬ ያልሞላው። «ዘሩን የሸጡልኝ ሰዎች አታለሉኝ» ብላ ትጮሃለች። አላታለሏትም። የእናቴ ዳልያና የአክስቴ በቆሎ የገጠማቸው ነገር አንድ ነው፤ እሱ ነገር ደግሞ ዝርያ የሚያዳቅሉ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ሲታገሉት የሚኖሩት ነገር ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ድንች፣ ጽጌረዳ፣ ዳልያ ሥራቸው ወይም ቅርንጫፋቸው ተቆርጦ ሲተከል የሚበቅለው ልጃቸው አይደለም፤ ራሳቸው ናቸው። እናቴ ለጎረቤት የሰጠችው ዳልያና እሷ ጋ የቀረው ሁለት ግቢ ውስጥ የሚኖር አንድ ተክል ነው። ዘር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ዘር ከእናትም ከአባትም እየቆነጠረ የሚወርስ ልጅ ነው፤ አባትየውን ደግሞ ንብ ናት የምታውቀው። ዳልያ ላይ ነገሩ ይብሳል። ሰው ከእያንዳንዱ የውርስ መመሪያ ሁለት ቅጂ ሲኖረው ዳልያ ስምንት ነው ያለው። ሁለት ካርታ መበወዝና ስምንት ካርታ መበወዝ ምን ያህል እንደሚለያይ ካርታ የተጫወተ ያውቀዋል። አሥራ አንዱ ልጆች አሥራ አንድ መልክ ይዘው መውጣታቸው ምንም አይገርምም።

ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ ግን እንዲህ አያደርጉም። እነሱ ራሳቸውን በራሳቸው የሚያዳቅሉ ናቸው። የአበባው ወንዴ ብናኝ እዚያው አጠገቡ ባለችው ሴቴ ላይ ያርፋል፣ አለቀ። ስለዚህ ልጅ ቁርጥ እናቱን ነው። ማሽላም በአብዛኛው እንዲሁ ነው፣ አልፎ አልፎ ከጎረቤት ማሳ ቢቀላቀልም። በቆሎ ደግሞ ከነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ወንዴው አናቱ ላይ ነው፣ ሴቷ ጎኑ ላይ። ያ ስንልጠው የምንጥለው የበቆሎ ጸጉር እያንዳንዷ ክር ከአንዲት ፍሬ ጋር የተያያዘች ናት፤ ነፋስ ያመጣው ብናኝ በክሯ በኩል ወርዶ ነው ፍሬዋን የሚያስይዛት። አንድ ክር ብናኝ ካላገኘች ራሱ ላይ አንድ ጥርስ ይጎድላል።

የአክስቴ ምርጥ ዘር «ዲቃላ» የሚባለው ነው። (ዲቃላ በኛ አገር ስድብ ነው፣ በቆሎ ላይ ሲሆን ግን ሙገሳ ነው። ቃሉን የመረጠው ሰው ትንሽ ቢያስብበት ጥሩ ነበር።) ሥራው እንዲህ ነው። አዳቃዩ አንድ በቆሎ ይወስድና ከራሱ ጋር ያዳቅለዋል፣ ልጁንም ከራሱ ጋር፣ የልጅ ልጁንም እንዲሁ፣ ለተከታታይ ትውልድ። በቆሎ ይህን አይወድም። እየቀጨጨ፣ እያጠረ ይሄዳል። ሌላ ቦታ ላይ ሌላ በቆሎ እንደዚሁ ያቀጭጫል። ከዚያ ሁለቱን ቀጫጮች ያገናኛቸዋል። የሚወለደው ልጅ ሁለቱንም ወላጆቹን ጥሎ የሚያልፍ ጉልበተኛ ይሆናል፣ ማሳውም ወጥ ይሆናል። ጉልበቱ ግን ያለው ያ የመጀመሪያው ልጅ ላይ ነው። የሱ ልጆች ካርታው እንደገና ይበወዝባቸዋል፤ አንዱ አያቱን፣ አንዱ ሌላኛዋን አያቱን፣ አንዱ ማንንም ሳይመስል ይወጣል። አክስቴ አምና የዘራችው እነዚህን የልጅ ልጆች ነው። ሻጮቹ ጥፋት ካላቸው ይህን አለመንገራቸው ነው፤ እሱም ቀላል ጥፋት አይደለም።

ስለዚህ ምርጥ ዘር የምትገዙ ሰዎች አንድ ጥያቄ አትርሱ። ዲቃላ ነው ወይስ አይደለም? ዲቃላ ከሆነ በየዓመቱ መግዛት ነው። የተሻሻለ ጤፍ ወይም ስንዴ ከሆነ ግን ከሌላ ዘር ጋር እንዳይደባለቅ ተጠንቅቆ ከራስ ማሳ ለይቶ ማስቀመጥ ለዓመታት ይሠራል።

እስካሁን ያልኩት ሲሰማ አዳቃይ ማለት ሲያጋባ የሚውል ሰው ይመስላል። ማጋባቱ ከሥራው ሁሉ አጭሩ ነው። አጭር ማለቴ ቀላል ማለቴ ግን አይደለም። ጤፍን ውሰዱ። የጤፍ ፍሬ አንድ ሺህ ተቆጥራ አንድ ግራም አትሞላም። አበባዋ ምን ልታህል እንደምትችል አስቡት። ጤፍን ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ተትቶ ነበር፤ አበባዋ ተከፍታ ያያት ስላልነበረ። ከዚያ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ታረቀ በርሄ የሚባሉ ተመራማሪ ደረሱበት። የጤፍ አበባ የምትከፈተው ማለዳ ነው፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ45 ገደማ እስከ 1 ሰዓት ተኩል። ሰው ቁርሱን በልቶ ማሳ ሲደርስ እሷ ዘግታለች! ሥራው ዛሬም ማለዳ ነው። በአጉሊ መነጽር እያዩ፣ በቀጭን መርፌ፣ ብናኟን ሳትበትን ወንዴዎቹን ነቅሎ ማውጣትና የሌላዋን ብናኝ ማስነካት። እጅ መንቀጥቀጥ የለም። ቡና በዝቶ ለሚጠጣ የኛ አገር ሰው የሚመከር ሥራ አይደለም።

በዚህ ዘዴ ከወጡት ስመ ጥሩ ቁንጮ ነው፤ በደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2006 የተለቀቀው። ወላጆቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ዱከም የሚባለው ነው፤ ምርት ይሰጣል፣ ፍሬው ግን ገበያ የሚወደውን ያህል አልነጣም። ሌላው ማኛ ነው፤ በረዶ የመሰለ፣ ምርቱ ግን ያነሰ። ቁንጮ የአንዱን ምርትና የሌላውን ንጣት ይዞ ወጣ። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እዩልኝ። ምርት ብቻ ቢሆን ዱከም ይበቃ ነበር። ደሴ ሰኞ ገበያ ጤፍ የምትገዛ ሴት ግን መዳፏ ላይ በትና፣ እፍ ብላ፣ ቀለሙን አይታ ነው ዋጋ የምትጠራው። አዳቃዩ ማሳ ላይ ሆኖም የሚሠራው ለዚያች ሴት መዳፍ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሁለቱን ወላጆች አጋባችሁ እንበል። የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፣ አያስደስትም አያስከፋምም። ሁለተኛው ትውልድ ላይ ነው ጉዱ የሚወጣው። ካርታው ተበውዟል፤ ሺህ ተክል ከዘራችሁ ሺህ ዓይነት ነው። አጭር፣ ረጅም፣ የሚጋሽብ (መሬት ላይ የሚተኛ)፣ ዋግ የሚጨርሰው፣ ዝናብ ሳያልቅ የሚደርስ፣ ዝናብ ካለቀ በኋላ የሚያብብ። አዳቃዩ ደብተሩን ይዞ በመስመሮቹ መሃል ይመላለሳል። የወደደው ላይ ክር ያስራል። ያልወደደውን ይተወዋል። ከሺው መቶ፣ ከመቶው አሥር። በሚቀጥለው ዓመት የመረጣቸውን ይዘራል፤ እነሱም ገና አልረጉም፣ እንደገና ይለያያሉ፣ እንደገና ይጥላል። ራሱን የሚያዳቅል ሰብል ላይ ያልረጋው የውርስ ክፍል በየትውልዱ በግማሽ ይቀንሳል። በሁለተኛው ትውልድ 50 በመቶ፣ በሦስተኛው 25፣ እያለ በስድስተኛው 3 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ያኔ ነው ልጁ እናቱን መሰለ የሚባለው። ስድስት ትውልድ እንግዲህ በዝናብ ብቻ ለሚያመርት ስድስት ክረምት ነው።

ከዚያ ደግሞ የምርት ሙከራው አለ። አንድ ቦታ ጥሩ የሆነ ሌላ ቦታ አይረባም። ይህን ለማየት እኛ ጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በሐረጎ ጠመዝማዛ ስትወርዱ 25 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ሹራባችሁን ታወልቃላችሁ። ሰብሉም እንዲሁ ነው። ላይ ገብስና ባቄላ፣ ታች ማሽላና ጤፍ። ደጋ ላይ ያማረ ስንዴ እታች ሲወርድ በሙቀቱ ተቻኩሎ፣ ፍሬው ሳይሞላ ይደርሳል። ስለዚህ ዝርያ ይውጣ ከመባሉ በፊት ብዙ ቦታ፣ ቢያንስ ሁለት ክረምት ተዘርቶ ይመዘናል፣ ገምጋሚዎች ያዩታል፣ ከዚያ ዘሩ ይባዛል። ደምሩት። ከመጀመሪያዋ ማለዳ እስከ ገበሬው እጅ አሥር፣ አሥራ ሁለት ዓመት። አንድ ሰው ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሠራ ተራ በተራ ሦስቴ ነው የሚጨርሰው ማለት ነው። ለዚህ ነው አዳቃዮች ብዙ መስመር ጎን ለጎን የሚያስኬዱት፤ ለዚህም ነው አንዱ የጀመረውን ሌላው የሚያወጣው።

ኖርማን ቦርሎግ በሜክሲኮ ስንዴ ሲያዳቅሉ ይህ ቀርፋፋነት አንገበገባቸው። መፍትሔ ብለው ያገኙት ዘሩን ይዘው መመላለስ ነበር። አንዱን ትውልድ ሶኖራ በሚባለው ዝቅተኛ በረሃማ ሜዳ በመስኖ፣ ቀጣዩን ከ2,600 ሜትር በላይ በሆነው ቶሉካ። በዓመት ሁለት ትውልድ። አለቆቻቸው አልወደዱትም፣ የመማሪያ መጽሐፉ ዘር የሚመረጠው በሚዘራበት ቦታ ነው ይል ነበርና። ያልታሰበው ጥቅም ግን ከዚያ መጣ። ሁለቱንም ቦታ የቻለ ስንዴ የቀን ርዝማኔ የማይገደው ሆኖ ተገኘ፣ ስለዚህ ሌላ አገርም ተስማማው። እ.ኤ.አ. በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጣቸው። እኔ ሐረጎን በወረድኩ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል።

ሰብል ላይ ብቻ አይደለም መጣል። አሜሪካዊው ሉተር በርባንክ አበባውንም፣ ፍራፍሬውንም፣ ድንቹንም ሲያዳቅል ኖሮ ከ800 በላይ ዝርያ ያወጣ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. 1849 ተወልዶ በ1926 ሞተ። ሻስታ የሚባለውን ነጭ ዴዚ አበባ ለማውጣት 17 ዓመት ፈጅቶበታል፣ አራት ዝርያ እያቀላቀለ። በሺዎች ዘርቶ አንድ ሁለት ያስቀርና ሌላውን ከምሮ ያቃጥል ነበር፤ ጎረቤት ሲያየው ያበደ ሳይመስለው አይቀርም። የጀመረው ግን በድንች ነው። ደሴ ዙሪያ ድንች ያለበት ማሳ የገባ ሰው አይቶ ይሆናል፣ አበባው ከረገፈ በኋላ አንዳንዱ ላይ አረንጓዴ ቲማቲም የመሰለች ፍሬ ትንጠለጠላለች። (ልጆች እንዳይበሏት፣ መርዝ ናት።) የድንች እውነተኛ ዘር ያለው እሷ ውስጥ ነው። በርባንክ እ.ኤ.አ. በ1872 እንዲህ ያለች አንዲት ፍሬ አገኘ፣ ውስጧ 23 ዘር ነበር፣ ሁሉንም ዘራ። እንደ እናቴ ዳልያ ሁሉም ለየቅል ወጡ። አንዱ ግን ትልቅና ነጭ ሆነ። መብቱን በ150 ዶላር ሸጦ በ1875 ወደ ካሊፎርኒያ ሄደ። ከዚያ ድንች ላይ ቆዳው ሸካራ ሆኖ የተለወጠው ሩሴት በርባንክ ዛሬ አሜሪካኖች ቺፕስ የሚጠብሱት ነው።

ሳይንቲስቶች ግን በርባንክን ብዙም አይወዱትም። ምክንያታቸውም ትክክል ነው፤ ማንን ከማን እንዳዳቀለ በደንብ አይመዘግብም ነበር። ዓይኑ ሁሉን ያውቃል፣ ደብተሩ ባዶ ነው። እሱ ሲሞት ዓይኑም አብሮት ሞተ።

ስለ ዓይን ካነሳን አይቀር ወደ ወሎ ልመለስ፣ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝም እሱ ነው። የኛ ገበሬዎች የማሽላ ስም ሲያወጡ አይቀልዱም። አንዱ ማሽላ «ወተት በጉንጬ» ይባላል፣ ሌላው «ማር ጮቄ»። ፍሬያቸው ሲደርቅ የተጨማደደ ነው፣ ምርታቸውም ያንሳል። ገበሬው ታዲያ ማሳውን ሙሉ አይዘራቸውም፤ በሌላው ማሽላ መሃል እዚህም እዚያም ጣል ያደርጋቸዋል። ለእሸት ነው። ጥብስ ሲሆኑ የሚጣፍጡት ለውዝ ለውዝ እያሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ሲንግና አክስቴል፣ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ ማሽላ ሲመረምሩ ሁለት ከኢትዮጵያ የመጡ ናሙናዎች ላይ ላይሲን የሚባለው ንጥረ ነገር ከተለመደው ማሽላ እጥፍ ያህል ሆኖ አገኙት። ላይሲን ሰውነታችን ራሱ የማይሠራው የፕሮቲን አካል ነው። እህል ላይ ያንሳል፤ እኛ የምናገኘው ከሽሮው፣ ከወተቱ፣ ከሥጋው ነው። እነዚያ ናሙናዎች የወሎዎቹ ናቸው፣ እነዚያው የተጨማደዱት።

«ወተት» ብሎ የሰየመው ገበሬ ላቦራቶሪ አልነበረውም። ምላስ ነበረው። ልጆቹ ላይ ያየውም ነገር ይኖራል ብዬ እገምታለሁ፣ ይህ እንኳ የኔ ግምት ነው። መጨማደዱና ምግብነቱ አብረው የተሳሰሩ ሆነው አዳቃዮችን አስቸግረዋል። ፍሬው የሚጨማደደው ስታርቹ በደንብ ስለማይሞላ ነው፤ እሱ ሲሞላ ላይሲኑ ድርሻው ይቀንሳል። አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል እንደ ቁንጮው አልቀለለም።

የማሽላ አዳቃዩ ገቢሳ እጀታ የተማሩት እዚያው ፐርዱ፣ እዚያው አክስቴል ሥር ነው። እሳቸው የያዙት ጠላት አቀንጭራ የሚባለው አረም ነው። ቃሉና ቆቦ ማሽላ የሚያርስ ሰው አቀንጭራ ምን እንደሆነ አይነገረውም። አበባዋ ያምራል፣ ሥራዋ የሌባ ነው፤ የማሽላውን ሥር ይዛ ትመጠዋለች። አንዷ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትጥላለች፣ ዘሩም አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ተኝቶ ይጠብቃል። የሚነቃው እንደ ማሽላ ያለ ሰብል ሥር የሚያወጣው አንድ ቅመም ሲሸተው ብቻ ነው። ገቢሳና ባልደረቦቻቸው ያንን ቅመም እምብዛም የማያወጣ ማሽላ መርጠው ጉልበት ካለው ጋር አዳቀሉ። አቀንጭራዋ አጠገቧ ማሽላ እንዳለ ሳታውቅ ተኝታ ትቀራለች። እኛ አገር ጎብዬና አብሽር ተብለው የተለቀቁት የዚህ ሥራ ውጤት ናቸው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ወሰዱ።

ይህ ሁሉ ግን የሚቻለው የሚመረጥበት ብዙ ዓይነት ሲኖር ነው። በ77ቱ ድርቅ ወሎ ውስጥ ሰው ለዘር ያስቀመጠውን በላ። ማን ይፈርድበታል! ዘሩ ሲበላ ግን ያ አያት ቅድመ አያት ሲመርጠው የኖረው ሁሉ አብሮ ድስት ገባ። ያኔ የአገሪቱን የዕፅዋት ዘር ባንክ ይመሩ የነበሩት መላኩ ወረደ ናቸው። ከገበሬው ዘር እየሰበሰቡ አስቀመጡ፣ በኋላም ወሎና ሸዋ ላይ ከገበሬው ጋር ሆነው የአገሬው ዘር እዚያው ማሳ ላይ እንዲጠበቅ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ያገኙት ለዚህ ነው። እኔ ከሁሉም አዳቃዮች እሳቸውን አስበልጣለሁ። ሌሎቹ የመጣል ሰዎች ናቸው፤ እሳቸው ሌሎች የጣሉትን የሚያነሱ ነበሩ።

አክስቴን አስረዳኋት። ዘንድሮ በቆሎውን ገዝታ ልትዘራ፣ ማሽላውን ግን ከራሷ ልትመርጥ ተስማማን። «ማሽላውንማ እናቴም እንዲሁ ነበር የምትመርጠው፣ አጨዳ ሳይደርስ ማሳው መሃል እየዞረች» አለችኝ፣ እኔ የነገርኳት አዲስ ነገር እንደሌለ።

ዳልያውስ? እኔ ቀዩን አስቀርቼ አሥሩን ልነቅል ተነሳሁ። እናቴ መቆፈሪያውን ቀማችኝ። ኅዳር መጨረሻ ላይ የደሴ ውርጭ አንድ ሌሊት መጥቶ ሁሉንም አጥቁሯቸው አደረ፣ ቀዩንም ጭምር። ያ የታጠበ ጨርቅ የመሰለው ብቻ ምንም አልሆነም። እማዬ ከሻሿ ጫፍ ክር መዝዛ አሰረችበት።

«ግንቡ ከልሎት ይሆናላ» አልኳት።

«እንግዲያው ለከርሞ መሃሉ ላይ እንተክለዋለን» አለች። «ቁራጩን ደግሞ ኮምቦልቻ ለአክስትህ እንልካለን።»